ድምፅ ያጣው ልቅሶ

ወይዘሮ ኬኦታ አራስ ልጃቸው የምትሞቀውን እንጨት ተሸክመው ከሜኮንግ ወንዝ ዳር ሲመለሱ የእህታቸውን ልጅ ማኒዋንን መንገድ ላይ አገኟት። ባያገኟት ይመርጡ ነበር፤ ነርስ ሆና ከተመለሰች ወዲህ ታላቅ ታናሽ ሳትል ሁሉን ታርማለች።

«አክስቴ፣ እንደምን ዋሉ? አራሷ ምን እየበላች ነው?»

«እኔ በአራስነቴ የበላሁትን ነዋ። የተጠበሰ ሩዝ በጨው።»

«ዓሣ፣ ባቄላ፣ ሥጋ የለም?»

«ልጄን ልትገድያት ነው? ይህ ሁሉ ለአራስ ክልክል ነው። አንቺ ያነበብሽውን ታወሪያለሽ፤ እኔ ግን ወልጄ አይቻለሁ!»

«እሺ፣ ያዩትን ያሳዩኝ» ብላ እንጨቱን ተቀብላ ተከተለቻቸው።

ቤት ሲገቡ ሕፃኗ ፊቷን አጨማዳ፣ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«አየሽ ጨዋነቷን?» አሉ ወይዘሮ ኬኦታ ኮራ ብለው። «የእኔም ሁለቱ እንዲህ ነበሩ፤ ጎረቤት አይረብሹም።»

«የትኞቹ ሁለቱ?»

ወይዘሮ ኬኦታ እሳቱን መቆስቆስ ጀመሩ። ሁለቱ ገና ሳይድሁ የተቀበሩት ናቸው። ያኔ መንፈስ ወሰዳቸው ተብሎ ነበር።

ማኒዋን ከቦርሳዋ የቫይታሚን መርፌ አውጥታ ሕፃኗን ወጋቻት። «ድምፅዋን ያጠፋው ጨዋነት ሳይሆን የሚገድል የቫይታሚን እጥረት ነው። እናቲቱ ካልበላች ጡቷ ከየት አምጥቶ ልጇን ያጠነክራል? እናቴስ በአራስነቷ እንዴት ነበረች?»

«እናትሽማ ሆዳም ነበረች! ዓሣውንም ባቄላውንም ተደብቃ ትሰለቅጠው ነበር። ስንት ስቀንባታል።»

«ከልጆቿ ማን ሞተባት?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይህን እኔ ከመጽሐፍ ነገርኩዎ ወይስ እርስዎ አዩት?»

እውነት ነው፣ አይተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከእህታቸው አጥር አጠገብ ኖረው ሁሉንም አይተዋል። ነገር ግን ምክንያቱን አስቀድመው ስለወሰኑ ያዩት ሊያስተምራቸው አልቻለም። መኖር ብቻውን ማወቅ የሚመስለን ሰዎች ሞልተናል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ልጆቻችን ናቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕፃኗ ሰፈሩን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸች። እናቲቱ የዓሣ ሾርባዋን እየጠጣች በደስታ አለቀሰች። ወይዘሮ ኬኦታን ግን ያ ጩኸት የቀበሯቸውን ሁለቱን አስታወሳቸው።

«ማኒዋን፣ ያን ጊዜ እኔም ዓሣ ብበላ ኖሮ...»

ማኒዋን መዋሸት ፈለገች፤ አልሆነላትም። «ይተርፉ ነበር፣ አክስቴ።»

በማግስቱ ወይዘሮ ኬኦታ የሾርባ ድስት ይዘው አራስ ወዳለችበት ጎረቤት ሄዱ። «ብዪ፣ ልጄ። የበላች እናት ጡቷ ልጅ ያሳድጋል፤ ራሷም ቶሎ ትነሣለች።»

«እናቶቻችን ያላዩትን እርስዎ አዩ?» ብላ ጎረቤቷ አሾፈችባቸው።

«አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ልጅሽ ሲያለቅስ ይሰማል?»

«ኧረ አይሰማም፤ ጨዋ ነው» አለች እየሳቀች።

ወይዘሮ ኬኦታ ድስቱን እዚያው ጥለው ወደ ማኒዋን ሮጡ።