የፋና መድኃኒትና የአባቷ ኩራት

በኅዳር ወር አጋማሽ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ይኸነው ከዳንግላ ወደ ቆሰበር የሚመለሱበት ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ቅያሪ ጎማ ከከተማ እስኪያስመጣ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ ለሽያጭ ከተደረደሩት የከሰል ጆንያዎች አጠገብ ጥላ ጥላውን ያዘ። አቶ ይኸነውም አንድ የወደቀ ግንድ ላይ አረፍ ብለው ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረባቸውን ከኪሳቸው ሲስቡት፣ አንዲት የኪኒን እሽግ አብራ ወጥታ መሬት ላይ ወደቀች።

አቶ ይኸነው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የጥርባ ገበሬ ናቸው። በአገሩ ፈረሰኞች መካከል ስማቸው ከፊት ይጠራል። ከፈረሳቸው የሚበልጥባቸው ነገር ቢኖር ልጃቸው ፋና ነበረች። ፋና መምህርት ናት፤ የጥርባን ልጆች በአፍ መፍቻቸው በአገውኛ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። ያን ዕለት አባቷ ዳንግላ የሄዱት እርሷን ለጋብቻ ከጠየቀው፣ እንግዳው ከተባለው ወጣት አባት ጋር የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነበር፤ ቆርጠውም መመለሳቸው ነበር።

እሽጓን ከመሬት ያነሣቻት አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት ናት። አቧራዋን ጠርጋ፣ የመድኃኒቱን ስም አነበበችና በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን መድኃኒት የሚወስዱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ በዕድሜዬ ራስ ምታት እንኳ አላውቅም» አሉ ኮስተር ብለው። «የሌላ ሰው ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ያ ሰው ዛሬ ምን ይወስዳል?»

ጥያቄው አቶ ይኸነውን አስደነገጣቸው። ልጅቱ ስሟ ሰርክአዲስ መሆኑን፣ ትውልዷ ቡሬ መሆኑን፣ በዳንግላም የአእምሮ ሕሙማንን የምትረዳ ነርስ መሆኗን በትሕትና ነገረቻቸው። ሰው ለጎረቤቱ የማይነግረውን ነገር ለማያውቀው መንገደኛ ይናገራል። ጎረቤት ነገ ያገኘዋል፤ መንገደኛ ግን መንገዱን ይሄዳል። አቶ ይኸነውም ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልጃቸውን ነገር ተረኩላት።

ከሦስት ዓመት በፊት ፋና እንቅልፍ አጣች። እንቅልፍ ብታጣም አልደከመችም፤ እንዲያውም ጉልበቷ በዛ። የአገውኛን ቃላት ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰብስቤ መጽሐፍ አሳትማለሁ አለች። ልብሷን ለመንገደኛ አደለች፣ የአባቷን ፈረስ ሳታስፈቅድ ጭና ከጥርባ ቆሰበር እየዘፈነች ገሰገሰች። አገሩ ሁሉ መንፈስ ነው አለ፤ ጠበል ገባች፤ በሁለት ወሯ ተረጋጋች። በዓመቱ ግን ተመለሰባት። ያኔ ሐኪም ዘንድ ደርሳ ይህን መድኃኒት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው አንድ ዓመት ከስምንት ወር ደኅና ናት።

«ታዲያ ለምን በእርስዎ ኪስ ተገኘ?»

«ነጥቄያት ነው» አሉ አቶ ይኸነው። «ዛሬ ሦስት ቀኗ። ልጄ ልትዳር ነው። የባሏ ቤተሰብ ኪኒን ስትውጥ ቢያያት ምን ይላል? እኛ የፈረሰኛ ዘር ነን፤ በኪኒን ተደግፎ የቆመ ሰው በቤታችን አልታየም። ደግሞስ ከዳነች ወዲያ መድኃኒቱ ምን ያደርግላታል? ሱስ ከመሆን በቀር?»

ሰርክአዲስ እንዲህ ያለውን አባት በየሳምንቱ ታያለች። ክፋት እንደሌለባቸው ታውቃለች፤ ያስቸገራቸው ፍቅራቸው ከእውቀታቸው መቅደሙ ነው።

«የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ስለወሰደ ደኅና ቢሆን፣ መድኃኒቱን ነጥቀው ይጥሉበታል?»

«ስኳር የደም በሽታ ነው። ይኼ የመንፈስ ነው።»

«አንጎልም ሥጋ ነው፣ አባቴ። በውስጡ ለቁጥር የሚያታክቱ ሕዋሳት አሉ፤ እርስ በርሳቸው መልእክት ይለዋወጣሉ። መልእክቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚን፣ ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ደስታችን፣ እንቅልፋችን፣ ለሥራ መነሣታችን በእነርሱ ላይ የቆመ ነው። ድሮ 'አንዱ ስላነሰ ነው፣ አንዱ ስለበዛ ነው' ብለን እንደመድም ነበር፤ አሁን ነገሩ ከዚያ የጠለቀ መሆኑ ታውቋል። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው፤ እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅሰዋል፤ ኀዘንና ጭንቀት ያባብሰዋል። ያልታወቀውም ገና ብዙ ነው። የልጅዎ ሕመም ግን የታወቀ ነው፤ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ያወጣል፣ አንዴ ደግሞ ከልክ በታች ያወርዳል። መድኃኒትም አለው።»

«ይህ የያዝኩት ታዲያ ምንድን ነው? ከምን ይሠራል?»

«ሊቲየም ይባላል። ከምድር የሚወጣ የጨው ዘር ነው።»

አቶ ይኸነው እሽጓን አገላብጠው አዩአት። ጨው ብሎ ነገር እርሳቸውም ያውቃሉ፤ ከብት ያስልሳሉ፣ ለፈረስ ይሰጣሉ። ሰርክአዲስም ይህን አይታ፣ እንደ ወጥ ጨው በዘፈቀደ የሚወሰድ እንዳይመስላቸው አስጠነቀቀቻቸው። መጠኑ ካነሰ አይሠራም፤ ከበዛ ይመርዛል፤ ስለዚህ በየጊዜው ደም ይመረመራል፣ ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ይታያሉ። የሚወስደው ሰው ውኃ በደንብ መጠጣት አለበት፤ ማስታወክና ተቅማጥም ያሠጉታል። ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መዋል መጠኑን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላልና፣ ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷም ጋር አስቀድማ መመካከር አለባት። ልጅ መውለድ ስታስብም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር አለቻቸው። ሱስ ያሉትን ግን አልተቀበለችውም፤ ሱስ ያለበት ሰው በየቀኑ ይጨምራል፣ ፋና ግን የታዘዘላትን ልክ ይዛ ሥራዋን እየሠራች ነው።

«ጠበሉንስ ተዉ ልትይን ነው?» አሉ አቶ ይኸነው። በድምፃቸው ቁጣ ነበረበት።

«እኔም ጠበል እጠመቃለሁ፣ አባቴ። ጸሎቷንም ጠበሏንም ትያዝ፤ መድኃኒቷን ግን አትልቀቅ። ጥበብን ለሐኪም የሰጠ እግዚአብሔር አይደለም?»

የአዛውንቱ ቁጣ በረደ። ሰርክአዲስ ድምፅዋን ይበልጥ አለሰለሰች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስትወጣ የሆነችውን ነገሩኝ። ስትወርድስ?»

አቶ ይኸነው መሐረባቸውን በእጃቸው ጨበጡት። ያን ለሚስታቸው እንኳ ሙሉውን አልነገሩም።

«ከጠበል በወጣች በአምስተኛው ወር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ አትበላም፤ አትናገርም። አንድ ቀን ማለዳ ከአልጋዋ አጣኋት። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤ ዘንገና ሐይቅ ዳር ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። 'እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?' አልኳት። 'ደክሞኛል አባዬ' አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ቤት መለስኳት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም።»

«ያዳኗት እርስዎ ነዎት» አለች ሰርክአዲስ። «ዛሬ ግን እንዳይደገም የሚጠብቃት ይህ ነው። በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ዛሬውኑ ይመልሱላት። ያለፈውን ደርባ እንዳትወስድ፤ ሐኪሟ ጋ ደውላ እንዴት እንደምትጀምር ትጠይቅ። ደግሞ 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' ይላል ያገራችን ሰው።»

አቶ ይኸነው ጎማው እስኪቀየር አልጠበቁም። ስልካቸውን አውጥተው ሰርክአዲስ ቁጥሯን እንድትመዘግብላቸው ካደረጉ በኋላ፣ ሌላ መኪና አስቁመው ወደ ቆሰበር፣ ከዚያም በባጃጅ ወደ ጥርባ ገሰገሱ።

ፋና ከትምህርት ቤት ተመልሳ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር። አባቷ ቆመው እሽጓን ከደብተሮቹ ላይ አኖሯት። በዕድሜያቸው ልጅን ይቅርታ ጠይቀው አያውቁምና ቃሉ አልወጣላቸውም።

«ሐኪምሽ ጋ ደውይ» አሉ ብቻ። «እኔ አጥፍቻለሁ።»

ፋና ያለፉትን ሁለት ሌሊቶች እንቅልፍ አልተኛችም ነበር፤ ፈርታ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ወዲያው ደወለች፤ ሐኪሟም እንዴት እንደምትጀምር ነግሯት ለደም ምርመራ ቀጠራት። ስልኩን ስትዘጋ አቶ ይኸነው ሌላውን ጭንቀታቸውን አወጡ።

«ለእንግዳው ቤተሰብ እንዴት ብለን እንንገር?»

«እንግዳው ያውቃል፣ አባዬ። የዛሬ ዓመት፣ ገና ሳይጠይቀኝ ነው የነገርኩት። ለምርመራ ስሄድ ከዳንግላ ድረስ መጥቶ የሚሸኘኝ እርሱ ነው። አባቱም ያውቃሉ።»

አቶ ይኸነው ቁጭ አሉ። ያን ዕለት ጠዋት ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀን ሲቆርጡ፣ እኚያ ሰው ሁሉን እያወቁ ፋናን ለልጃቸው ለምነዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ኀፍረት የማን ነበር? የእርሳቸው ብቻ ነበር። ልጃቸው ጀግንነትን ከአባቷ ቀድማ እንዳወቀች ያን ጊዜ ገባቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የተነበበው በልጃቸው መኩራት ነበር።

ሠርጉ በጥር ሆነ። በየካቲት የዕድሩ አባላት ሲሰበሰቡ፣ አቶ ይኸነው ንግግር ይፈቀድልኝ ብለው ተነሡ። ቀደም ብለው ፋናን አስፈቅደዋታል፤ እርሷም ሙሉውን ይናገሩ ብላቸዋለች።

«ልጄ ፋና የአእምሮ ሕመም አለባት» አሉ። «መድኃኒት ትወስዳለች። በየቀኑ ጠዋት ተነሥታ ልጆቻችሁን የምታስተምረው ይህችው ፋና ናት። መድኃኒቷን ነጥቄያት ነበር፤ አላዋቂ ነበርኩ። ከእንግዲህ በዚህ አገር ማንም ሰው በዚህ ሕመም ቢያፍር፣ መጀመሪያ የእኔን ቤት ይይ።»

ከተሰብሳቢው አንዳንዱ አቀረቀረ፤ አንዳንዱ ሰማይ ሰማይ አየ። ስብሰባው ሲበተን ጎረቤታቸው አቶ ሽባባው ወደ ኋላ ቀርተው ጠጋ አሏቸው። ባለቤታቸው ሽታዬ ከወለደች ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ስታለቅስ እንደምትውል፣ ሕፃኑንም ማቀፍ እንዳቃታት፣ ለማንም ግን እንዳልነገሩ በሹክሹክታ አስረዷቸው።

አቶ ይኸነውም ከሰርክአዲስ በመንገድም በኋላ በስልክም የሰሙትን ያህል መከሯቸው። ይህም ሕመም እንደሆነ፣ ስንፍና እንዳልሆነ፣ ለእርሷ የሚስማማው መድኃኒት ከፋና የተለየ ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንዱም ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ስለዚህ በሦስት ቀን ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ፣ ምክርና የቤተሰብ እርዳታም የሕክምናው ክፍል መሆኑን ነገሯቸው። የምታጠባ መሆኗንም ለሐኪሙ መንገር አትርሱ አሏቸው።

«ማን ይወስዳታል? ሰው ያያታል እኮ» አሉ አቶ ሽባባው።

«ይያት!» አሉ አቶ ይኸነው። «ነገ ጠዋት ቀድሜ በራችሁ ላይ እገኛለሁ። አንተ ሕፃኑን ታቀፍ፤ እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ።»

በማግሥቱም ሦስቱ ከሕፃኑ ጋር በዋናው መንገድ፣ በገበያው መካከል፣ ሰው እያያቸው አለፉ። አቶ ይኸነው የእግዜር ሰላምታውን ከግራም ከቀኝም እየተቀበሉ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሐኪም ቤት» እያሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይራመዱ ነበር።