የወገብ ሕመምተኛው አናጢ

የጋሼ ልጆች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ በዚህ ፀሐይ ቀብሩ ላይ ስለቆማችሁለት ያክብርልኝ።

እኔ ባልደረባው ነኝ። ወንበሩን እሱ ይሠራል፣ ቫርኒሹን እኔ እቀባለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ሠራሁ ማለት ግን ውሸት ነው። ጠጣሁ ነው የሚባለው።

ከሥራ ስቀር እናቴ ሁሌ አንድ መልስ ነበራት፤ ወገቡን አሞት ነው። አንድ ጠዋት ጋሼ ራሱ መጣ። በሩን ገርበብ አድርጋ ያችኑ ነገረችው። ምን ያላት ይመስላችኋል?

«እናቴ፣ እኔንም ሰባት ዓመት ወገቤን ሲያመኝ ነበር። ሐኪሙን አውቀዋለሁ፤ ልጁን ይስጡኝ።»

እናቴ በሩን ለቃ አለቀሰች። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አሰረልኝ። ሐኪም ቤት ወስዶ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠበቀልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑ የእኛ ነበር። ማሽኑ ይጠፋል፤ መጠጥ ያሸነፈው፣ ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው፣ ቤተሰቡም ሳይቀር ይሰበሰባል። ሕጉ አንድ ነው፤ የመጣ ሁሉ መቀመጫውን በገዛ እጁ ይሠራል። የኔ በርጩማ እስከ ዛሬ ያነክሳል። በአራተኛው ወር መልሼ ጠጣሁና በርጩማዬን ልወስድና ልሰናበት ሄድኩ። አቧራው ተጠርጎ ቦታው ላይ አገኘሁት። ጋሼ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ቁጭ በል፣ ጀምረናል» አለኝ። ቁጣ የለ፣ ምክር የለ።

እሱስ? «ስሞት እንዳትዋሹልኝ» ብሎናል፤ ልጆቹም ተናገር ብለውኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሳይቀምስ ኖሮ፣ ባለቤቱ ባረፈች ሰሞን ጠጣ። ያን ቅዳሜ በገዛ ወርክሾፑ ደጃፍ ቆሞ መግባት አፈረ። እኛም አንገታችንን ደፋን። ማን ተነሣ? እናቴ።

«ወገብህን አመመህ አይደል፣ ልጄ? ና፣ ግባ።»

ገባ። ተቀመጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡ ቀጥ እስካለች ድረስ፣ ስድስት ዓመት፣ ጠብታ አልቀመሰም።

ወገኖቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በስንቶቻችን ጓዳ ነው ወገቡን ያመመው ሰው የተኛው? አትፈሩ፣ ይዛችሁት ኑ። እንጨት አለ፣ መዶሻ አለ።

ጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ። ጫማዬን ስላሰርክልኝ። እናቴን ከውሸት ስለገላገልክልኝ። ደጃፍ ላይ ቆመህ ማፈርህን ስላሳየኸን፣ ስለ እሱም አመሰግንሃለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ በሩን እከፍታለሁ፣ በርጩማህንም እጠርጋለሁ።

አንተ ግን በቃህ። ወገብህን አሳርፍ፣ ጋሼ።