ስምንተኛው ቀይ ጨርቅ

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ አፀደ ገብረ መድህን
ዕድሜ፦ 48 ዓመት
ሥራ፦ የብትን ጨርቅ ንግድ
አድራሻ፦ አሰላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ በራሳቸው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ጥር 23 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ወልደጻድቅ አሰግድ
ተጠርጣሪ፦ ሁሴኖ ቱፋ፣ የጨፌ ቡርቃ ጭሰኛ
ጉዳዩ፦ የውጭ አገር ተማሪ አግቶ እግሩን ሰብሯል ስለመባሉ

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው አፀደ ገብረ መድህን ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ባለፈው እሑድ ጥር 21 ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰጠሁት ቃል ግማሹ እውነት ግማሹ ውሸት ነው። ዛሬ የመጣሁት ውሸቱን ላወጣው ነው። ሃምሳ አለቃው ቃልን መለወጥ ራሱ እንደሚያስጠይቅ አስጠንቅቀውኛል፤ ገብቶኛል። ጨርቅ ስቸረችር ሃያ ዓመት አልፎኛል። አጉድዬ የለካሁትን በደንበኛ ፊት መልሼ መለካት አያሳፍረኝም።

ተበዳይ የተባለው ሚስተር ኦኬሎ የኡጋንዳ ተወላጅ ሲሆን፣ በነፃ ትምህርት ዕድል መጥቶ አዲስ አበባ ታሪክ የሚማር የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። የአርሲ ሰዎች በመቃብሮቻቸው ላይ ስለሚያሠሩት ሥዕል ለመጻፍ ታኅሣሥ 28 ቀን አሰላ ገብቶ የጓሮ ክፍሌን ተከራየ። በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ግቢው ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። የአሰላን የጥር ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም። ሚጥሚጣ ያስለቅሰዋል፤ እያለቀሰም ቢሆን ሳህኑን ይጨርሳል። ከቁርስ በኋላ ሱቄ ገብቶ የየጨርቁን ስም ይጠይቀኛል። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን ብዬ ስነግረው በደብተሩ ይጽፋል። እኔን እማማ ይለኛል። አልወለድኩምና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አገር ማየት ይወዳል። በቆጂ ሁለት ቀን ቆይቶ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ፤ በፈረስ ላይ ሆኖ የተነሳውን ፎቶግራፍ ለእናቱ እንደሚልክ ነገረኝ። ሌላ ቀን በእህል መኪና ወደ ኦጎልቾ ወርዶ የዝዋይን ሐይቅ አይቶ መጣ። የእነሱ ሐይቅ ወዲያ ማዶው እንደማይታይ ሊያሳየኝ እጁን ዘርግቶ ስኒዬን ሰበረ። መልኩ ግን የእኛው ስለሆነ ሰው እንደ ፈረንጅ አይቶ አያልፈውም። አማርኛው ሲሰባበር የሰማ ሁሉ አውቆ የሚያስመስል ይመስለዋል። ገበያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ማን እንደላከው ጠይቀውታል። እኔም ወንድሜም ይህን እናውቅ ነበር።

ዓርብ ጥር 12 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታላቅ ወንድሜ ባላምባራስ ተክለወልድ ገብረ መድህን ቤቴ ምሳ በሉ። ተማሪው በሚቀጥለው ሳምንት ጨፌ ቡርቃ ሄዶ መቃብሮቹን በሜትር ለክቶ እንደሚስል ያወራሁላቸው እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጨፌ ቡርቃ በጢቾ መንገድ የሚገኝ፣ ከአያታችን የወረደ መሬት ነው፤ የእኔም ድርሻ አለበት። ሁሴኖ ቱፋን ጨምሮ አሥራ አንድ ቤት ጭሰኛ ይኖርበታል። ወንድሜ በመጋቢት ትራክተር ሊያስገቡና ጭሰኞቹን ሊያስነሱ አስበው ነበር፤ ለጭሰኞቹ ግን አልተነገራቸውም። ወሬዬን ሲሰሙ የያዙትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መልሰው እንዲህ አሉኝ፦

«ቀያሽ ካመጣሁ ነገር ይነሳል። ተማሪውን ማን ይጠረጥረዋል? ከወንዙ ጀምሮ፣ መቃብሮቹን አልፎ፣ እስከ ትልቁ ዋርካ ድረስ በየማዕዘኑ ችካል ይትከልልኝ።»

ኦኬሎ ከጓሮ ተጠርቶ መጣ። የወንድሜ ንግግር ፈጣን ስለሆነ አልገባውም። የሱን አማርኛ የለመድኩት እኔ ነኝና ቃሉን አቅልዬ፣ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እየሳልኩ አስረዳሁት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሥዕሉ ነው፣ ወንድሜ መቃብሮቹ ያሉበትን ቦታ በወረቀት ሊያስቀምጡት ፈልገው ነው አልኩት። አመነኝ፤ ቶሎ ብሎ እሺ አለ። ተማሪው የሄደው ለሽርሽር ብቻ ነው፣ ስለ መሬት የተነሳ ነገር የለም ብዬ ባለፈው እሑድ ያስጻፍኩት ውሸት ነው።

ማክሰኞ ጥር 16 ቀን ማታ ወንድሜ ስምንት የተሾሉ ችካሎች ላኩልኝ። እኔም ከሩቅ እንዲታዩ ብዬ ከቀይ ፖፕሊን ጣቃ ላይ ስምንት ቁራጭ ቆረጥኩ። ሱቅ የምለካበትን ሜትርም ሰጠሁት። ኦኬሎ ረቡዕ ጥር 17 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ ጢቾ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ማታ እንደሚመለስ ነግሮኝ ስለነበር ራቱን አቆይቼ ጠበቅኩት። አልመጣም።

በማግስቱ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወንድሜ ቤት ሄጄ ልጁ እንዳልተመለሰ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ፣ «እግዚአብሔር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አሉ። «ጭሰኞቹ ነክተውት ከሆነ የነኩት የመንግሥት እንግዳ ነው። ከእንግዲህ ጭሰኛውን የማስነሳው እኔ አይደለሁም፤ ሕግ ነው።» ልጁስ ብላቸው ይገኛል አሉኝ። ያን ቀን ለፖሊስ አላመለከቱም። ያመለከቱት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ልጁ ይሙት ይኑር ሳናውቅ ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን።

ቅዳሜ ጥር 20 ቀን ፖሊስ ኦኬሎን ሁሴኖ ቤት ውስጥ አገኘው። ሁሴኖ በዚያው ታሰረ። ወንድሜ ልጁን በላንድሮቨራቸው አምጥተው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደጄ ላይ አቆሙ፤ ሻንጣውን ብቻ ይዞ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ነገሩኝ። ሞተሩን ሳያጠፉ መኪናው ውስጥ ጠበቁት። ኦኬሎ በበትር እየተደገፈ ወደ ክፍሉ ገባ፤ እኔም ሻንጣውን ላስርለት ተከተልኩት። ቁርጭምጭሚቱ በቀርከሃ ስንጥርና በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

የነገረኝ ይህን ነው። ጠዋት መቃብሮቹን ስሎ፣ ከዚያ ሰባት ችካል ተክሎ ወደ መቃብሮቹ ሲመለስ ብዙ ወንዶች ከበቡት። ሜትሩንና ቀይ ጨርቆቹን አይተው ማን እንደላከው ጠየቁት፤ ወይዘሮ አፀደ ብሎ መለሰ። የባላምባራሱ እህት መሆኔን ስለሚያውቁ ተቆጡ። ኡጋንዳዊ ነኝ ቢላቸው አላመኑትም። ፈርቶ ሮጠ፤ የመስኖ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩ ዞረ። ማንም አልመታውም። ተሸክሞ ወደ ቤቱ ያስገባው ሁሴኖ ነው። ያን ሌሊት በሩ በውጭ ተዘግቶበት አደረ። ሐሙስ ጠዋት የደብተሩን ሥዕሎች አገላብጠው አዩ። ሁሴኖ የአባቱን መቃብር፣ ፈረሱንና ጦሩን ሳይቀር፣ ተስሎ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም። ወጌሻ ጠሩለት፤ የሁሴኖ ሚስት ዙሀራ ወተት እየሰጠች አስታመመችው። ቅዳሜ እብጠቱ ጎደል ሲል በፈረስ ወደ አሰላ ሊያደርሱት ፈረሱን እየጫኑ ሳለ ፖሊስ ደረሰ።

ሻንጣውን አስሬ ስጨርስ ኦኬሎ ከሸሚዝ ኪሱ አንድ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ስምንተኛው ነው። ከመቃብሮቹ ማዶ መተከል የነበረበት እሱ ነው። መስመሩ መቃብሮቹንም እንደሚያስገባ ሲያይ፣ ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ በራሱ ፈቃድ ሳይተክለው መቅረቱን ነገረኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ እኔ ለምን አልኩ። አንቺ ሥዕል አልሽ።»

ውጭ ወንድሜ ጡሩምባ ነፉ። ኦኬሎ እያነከሰ ወጣ፤ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ አልተሰናበተኝም።

እሑድ አስተርእዮ ማርያም ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወንድሜ ጠብቀውኝ ወደዚህ ጣቢያ አብረን መጣን። በመንገድ ላይ መሬት የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ፣ ሁሴኖ ከዚህ ቀደም ሲዝት ሰምቻለሁ እንድል ነገሩኝ። የተማሪው ቃል ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጭሰኛው ተነስቶ ያልቃል አሉኝ። እንዳሉኝ አስጻፍኩ። ሁሴኖ ሲዝት ሰምቼ አላውቅም። ይህን ያደረግኩት የአባቴን ልጅ ፈርቼ ነው፤ የራሴን ድርሻም አስቤ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን በአንድ ሌሊት ከበደኝ።

ሰኞ ጥር 22 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሁሴኖ ሚስት ዙሀራ ከሦስት ሴቶች ጋር መጥታ ሱቄ ፊት ለፊት ቆመች። በእጇ ሲንቄ ይዛለች። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው፤ ሴቶች ይህን ይዘው የቆሙበትን ቦታ ሰው ገፍቶ አያልፍም። ሱቄ ገበያተኛ የሚበዛበት ቢሆንም እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ሰው ደጄን አልረገጠም። አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም። ዙሀራን የማውቃት ለልጆቿ አቡጀዲ ስትገዛኝ ነው፤ ሜትሩን ሞልቼ እንድለካላት ትጠይቃለች እንጂ በዋጋ አትከራከርም። በመጨረሻ ወጥቼ ምን ፈለግሽ አልኳት። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ስለማውቅ በኦሮምኛ መለሰችልኝ። ቃሏ እንዲህ ነው፦

«ልጁ አንቺ ቤት አደረ፣ እኔም ቤት አደረ። ሁለታችንም የሆነውን እናውቃለን። እኔ ጣቢያ ሄጄ ብናገር አማርኛ የላትም ብለው ይመልሱኛል። አንቺ አማርኛ አለሽ።»

ይህን ብላ ሴቶቹን ይዛ ሄደች። ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንን አማርኛዬን ምን እንዳደረግኩበት ሳስብ አደርኩ።

ሃምሳ አለቃው፣ ሁሴኖ ተማሪውን አግቷል ወይስ አላገተም ብለው ጠይቀውኛል። ረቡዕ ሌሊት በሩ ተዘግቶበት አድሯል፤ ይህን አልደብቅም። በቀሩት ቀናት ግን እንግዳ ነበር። ጭሰኞቹ ተማሪውን የባላምባራስ ቀያሽ አድርገው ማሰባቸው ስህተት ነው ወይ ተብዬም ተጠይቄያለሁ። በልጁ ተሳስተዋል። በእኛ ግን አልተሳሳቱም። ልጁን ሳያውቀው ቀያሽ ያደረግነው እኔና ወንድሜ ነን።

በኤግዚቢትነት የተያዙትን ሰባት ችካሎችና ሰባት ቀይ ጨርቆች አይቼ፣ ጨርቆቹ ከሱቄ የወጡ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። እንዲታመንልኝ ጣቃውን ይዤ መጥቻለሁ። ሃምሳ አለቃው የመጨረሻውን ቁራጭ ከጣቃው ጫፍ ጋር ሲያጋጥሙት ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሟል። ያ የገጠመው ቁራጭ ስምንተኛው ነው። እስከ ዛሬ በመቀነቴ ቋጥሬው ነበር፤ ዛሬ አስረክቤያለሁ።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ እንዲህ ብያለሁ። ሁሴኖ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ እንደታሰረ አውቃለሁ። ልጁን ወደዚያ የላከው ሁሴኖ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልግባ። ሌላው፣ ዙሀራ ከጠዋት ጀምሮ የጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። ከመፈረሜ በፊት ይህ ቃል በኦሮምኛ ይነበብላት፤ የጎደለ ካለ ትሙላው። ከዚህ በላይ የሰፈረው ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ እውነት ነው፤ እሑድ የሰጠሁትን ቃል በዚህ ሽሬያለሁ።

የመዝጋቢው ማስታወሻ፦ በምስክሯ ጥያቄ መሠረት ቃሉ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በአሥር አለቃ ከሊል አማካይነት ለዙሀራ በኦሮምኛ ተነብቦላታል። እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ትክክል ነው ብላ አንድ ነገር ብቻ እንዲታረም ጠይቃለች፦ «ወተቱን የሰጠሁት ከሐሙስ ጀምሮ አይደለም። ረቡዕ ማታም፣ በሩን ከመዝጋታችን በፊት ሰጥቼዋለሁ። ይህም ይጻፍ።» ተጽፏል።

የምስክር ፊርማ፦ አፀደ ገብረ መድህን
የዙሀራ የጣት አሻራ፦ (ተደርጓል)
ያነበበው፦ አሥር አለቃ ከሊል፣ ፊርማ
የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ወልደጻድቅ አሰግድ፣ ፊርማ