የአራተኛ ፎቅ ደረጃ

(አዲስ አበባ፤ አሳንሰር የሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸውን የያዙት ወይዘሮ አሰገደች ከገበያ መልስ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ደረጃውን ተያይዘውታል፤ ልጃቸው ምንውየለት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይጨቃጨቃቸዋል።)

አሰገደች፦ ማነው የወከለህ? በገዛ ቤቴ፣ ማን ወክሎህ ነው «እናቴ ምድር ቤት ትወርዳለች፣ ቤት እንለዋወጥ» ብለህ ለምድር ቤቱ ደርበው ቃል የሰጠኸው?

ምንውየለት፦ እማዬ፣ ቀስ በይ። ሰው ይሰማል።

አሰገደች፦ ይስማ! ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። የነገረችኝ ጎመን ሻጯ ናት፤ «እማማ አሰገደች፣ ምድር ቤት ሊገቡልን ነው አሉ» ብላ። የገዛ ልጄ እያለ ጎመን ሻጯ!

ምንውየለት፦ ዛሬ ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ደግሞስ ምን አጠፋሁ? በዚህ ዕድሜሽ አራተኛ ፎቅ! ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ማን ያወጣልሻል?

አሰገደች፦ እኔ! ግማሽ ግማሽ እየቀዳሁ። ደርበው ደግሞ ከምድር ቤት ለመሸሽ ለምን የቸኮለ ይመስልሃል? የፍሳሹ ሽታ አላስቀምጥ ብሎት ነው። ይኸው ነው ለእናትህ የመረጥክላት።

ምንውየለት፦ ፍሳሹን አሠራዋለሁ። በይ መጀመሪያ ዘንቢሉን አምጪ።

አሰገደች፦ አልሰጥም።

ምንውየለት፦ አምጪ እንጂ! «እናቱን አሸክሞ እጁን ኪሱ ከትቶ ይከተላል» እንዲሉኝ ነው?

አሰገደች፦ እንካ። ድንችም አለበት፣ ሽንኩርትም አለበት። ያዝ፣ ጌታው!

ምንውየለት፦ ውይ! ይሄን ሁሉ ነው የተሸከምሽው? ይሄ እኮ ነው የሚያሳብደኝ! ስብሰባ ላይ ሆኜ ስልክ በጠራ ቁጥር «እናትህ ከደረጃ ወደቁ» የሚሉኝ እየመሰለኝ ልቤ ድንግጥ ይላል።

አሰገደች፦ ወድቄ አውቃለሁ?

ምንውየለት፦ ክረምት ላይ አልወደቅሽም? ዳሌሽ ጠቁሮ አልነበር?

አሰገደች፦ የት ነው የወደቅሁት? ተናገር እንጂ፣ የት?

ምንውየለት፦ እኛ ቤት።

አሰገደች፦ እናንተ ቤት! አንድም ደረጃ በሌለው ቪላ! ከሳሎን ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ስሄድ!

ምንውየለት፦ ሴራሚኩ አዳልጦሽ ነዋ።

አሰገደች፦ ሴራሚኩ ምን አደረገ? እግሬ ነው የከዳኝ! ክረምቱን ሙሉ ከሶፋ መቼ አስነሳችሁኝ? ልነሳ ስል ሚስትህ ሰብለ «እማማ ይቀመጡ፣ በሞቴ!» ውሃ ልጠጣ ስል የልጅ ልጄ እየሮጠች ታመጣለች። እጄን እንኳ ከተቀመጥኩበት ነው የምታስታጥቡኝ። አንድ ቀን ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ቢላዋ ባነሳ፣ ሰብለ የሰደብኳት ያህል ከፋት።

ምንውየለት፦ አክብራሽ እኮ ነው! ማክበሯ ጥፋት ሆነ?

አሰገደች፦ አክብራችሁ አክብራችሁ ጉልበቴን ወሰዳችሁት! ወደ ቤቴ የመለስከኝ ዕለት ይሄን ደረጃ እያረፍኩ እየተቀመጥኩ ነው የወጣሁት። አልቅሻለሁ። አንተ መኪናህን አስነስተህ ሄደሃል፣ የት አይተኸኝ! ጉልበቴን መልሼ ያገኘሁት እዚሁ ነው፤ ይሄን የደረጃ ብረት ይዤ፣ በየቀኑ ስወጣ ስወርድ። አሁን ደግሞ እሱንም ልትወስድብኝ መጣህ።

ምንውየለት፦ ቆይ... ቆይ እስቲ። ስንተኛ ላይ ነን?

አሰገደች፦ ገና ሁለተኛ።

ምንውየለት፦ እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ።

አሰገደች፦ አባትህን አታንሳብኝ! ጡረታ የወጣ ሰሞን ከዚህ ሩፋኤል ድረስ በእግሩ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው! አንተ «በቃ ለፍቷል፣ ይረፍ» ብለህ ያን ወደ ኋላ የሚተኛ ትልቅ ሶፋ ገዛህለት። ሁላችንም ደስ አለን። ምሳው እዚያው፣ ቴሌቪዥኑ እዚያው። በዓመቱ እሱን ከሶፋ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ጀመር።

ምንውየለት፦ በቃ «አንተ ነህ የገደልከው» በይኛ!

አሰገደች፦ አልልም። ስለምትወደው ነው ያደረግከው። እኔን ግን እንደዚያ አድርገህ አትወደኝም! አልፈቅድልህም!

ምንውየለት፦ አትጩሂብኝ... እማዬ... ጠብቂኝ።

አሰገደች፦ ምን ሆነሃል?

ምንውየለት፦ ምንም። ትንሽ ልቀመጥ።

አሰገደች፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ? ኧረ ላብህን እየው! ሸሚዝህ ከገላህ ተጣብቋል። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንከው?

ምንውየለት፦ ቆየ። ሐኪሙ ግፊት አለብህ፣ ስኳርም እየጀመረህ ነው አለኝ። በእግርህ ሂድ ይለኛል። መቼ ልሂድ? ከቤት መኪና፣ ከመኪና ቢሮ... እንዳትናደጂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።

አሰገደች፦ ብናደድስ! ገና በአርባ አራት ዓመትህ! እኔን ምድር ቤት ለማስቀመጥ ስትሯሯጥ አንተ ደረጃ ላይ ልትደፋብኝ ነው? እኔ ነኝ እንግዲህ አንተን የምቀብረው? ተው አንተ ልጅ! ባሌን ያየሁት ይበቃኛል፤ ተው!

ምንውየለት፦ ስልኬ ጠራ... አቶ ደርበው ነው። ውሉን መቼ እንፈራረም ሊለኝ ነው።

አሰገደች፦ አንሳው። እዚሁ ፊቴ አንሳው። ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፣ የምትመልሰውም አንተ ነህ። ዘንቢሉን ወዲህ በል፤ እኔ ልውጣ፣ ውሃ ይዤልህ እመለሳለሁ።

ምንውየለት፦ ሃሎ፣ አቶ ደርበው... እግዚአብሔር ይመስገን... አዎ፣ እዚሁ ደረጃው ላይ ነኝ... የለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ አትወርድም... አይ፣ እሷስ ደህና ናት፤ ደረጃው ያቃተው እኔን ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በበርዎ በኩል ቀስ እያልኩ ስወጣ ስወርድ ያዩኛል።