ካስማ ቁጥር አሥራ አራት

እንደምን አደርሽ እቴ! ዝናቡ በእናንተ ሰፈር እንዴት ነው? በእኛማ አይነሳ... እግሬን አትይብኝ፣ ወለልሽን በጭቃ አበላሸሁት። እኔ የችግኝ ጣቢያ ሰው ቢሮ ስገባ ይጨንቀኛል፤ ሁላችሁም ንጹሕ ናችሁ። በተለይ ከዚህ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ወዲያ ማዶ የሚቀመጠው ባለሙያ... ጫማው ፊት ያሳያል አሉ። ዳገት ረግጦ የማያውቅ ጫማ መቼም ያምራል። ኧረ እሱን ማለቴ አይደለም! እኔ ማንንም ማለቴ አይደለም።

ያ የተዘጋው ማዕድን ማውጫ ሪፖርት ተተይቦ አለቀ? ዛሬ ከሰዓት ይፈረማል ሲሉ ሰማሁ። «ዳገቱ አገግሟል፣ ተጨማሪ ችግኝም እርከንም አያስፈልገውም» ይላል አይደል? እሰይ! አምስት ሺህ ችግኝ አፍልቼ መትከያ ስጠብቅ ነበር፤ አሁን እዚያው ጣቢያው ውስጥ ሸብተው ይጦራሉ።

አንዳንድ ሰው እኮ እጁ የተባረከ ነው። ያቺን የአንድ ሜትር የእንጨት ፍሬም ዓይንን ጨፍኖ መወርወር፣ ከዚያ የወደቀችበትን ቦታ ሣር መቁጠር ነው አይደል ሥራው? እኔና አንቺ ብንወረውራት ድንጋይ ላይ ትወድቅብናለች። የሱ ግን ሃያ ጊዜ ተወርውራ ሃያ ጊዜ ከዳገቱ ሥር የማዕድን ማውጫው ዘበኛ ጎመን መደብ ላይ! ያውም ከዘበኛው ቤት ጥላ ሥር ንቅንቅ ሳይል... ዳገቱ ከሩቅ ይታይ የለ፣ ምን ያስወጣዋል? «የዕፅዋት ሽፋን ዘጠና አምስት በመቶ» ብሎ ጻፈ። ውሸት ነው እንዴ? የዘበኛው ሚስት እኮ ጎበዝ ናት። ብቻ ምስኪኗ አሁን ጎመኗን መቁረጥ ፈርታለች፤ «ሪፖርት ውስጥ የገባ ነው» ብለዋታል።

ካስማዎቹስ! ሠላሳ ቀይ የብረት ካስማ ዳገቱ ላይ ተተክሏል፤ ጎርፍ አፈሩን ሲወስድ ብረቱ ምን ያህል ከመሬት ብቅ እንዳለ በማስመሪያ ይለካል። ስንቱ ብቅ ብሎ አገኘው መሰለሽ? አንድም! ከታች ሆኖ ዞር ዞር ብሎ ቢያይ አንድም ብቅ ያለ ብረት የለም። ስለዚህ «የተሸረሸረ አፈር፦ ዜሮ»። ምን አጠፋ ታዲያ? ካስማው ከነአፈሩ ተጠራርጎ ከሄደ እሱ ምን ያድርግ... ተከትሎ ይሩጥ? በዚያ ጫማ?

እኔ ግን እንግዳ መጣብኝ። ትላንት ጠዋት ከዳገቱ የወረደው ጭቃ በጓሮ በር ገብቶ ድስቴን ከነክዳኑ ሳሎን አደረሰልኝ። አማቴ ከአልጋዋ ሆና «ኧረ ቤቶች፣ ሰው መጣ፣ ወንበር አቅርቡ!» ትላለች። ስዝቅ ስዝቅ አንድ ቀይ ብረት... ይኸው፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣሁት። ቁጥሩን አንብቢልኝ እስቲ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ። ጮክ በይ... አሥራ አራት! ሪፖርቱ ላይ አሥራ አራት የት አለ ይላል? «በቦታው»? እሱስ ልክ ነው፣ ቦታ ይዟል። የእኔ ምድጃ ሥር።

ምንድን ነው እሱ፣ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ወንበር ተንቋቋ ልበል? ነፋስ ይሆናል።

የምሬን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። እኔ እሮጣለሁ፤ አማቴ ግን ከአልጋ ወርዳ መሮጥ አትችልም። ያ ወረቀት ከተፈረመ ደግሞ ዳገቱን ተመልሶ የሚያየው የለም።

ይሁን እንግዲህ። ሰው ላማ አልመጣሁም፣ ልመርቅ ነው የመጣሁት። መሬቱ ስለዳነ ከዳገቱ ሥር ለሠራተኞች የቤት መሥሪያ ቦታ ሊታደል ነው አሉ። እግዜር ለዚያ ሰው ከኔ ቤት በላይ ያለችውን፣ ዳገቱን የተደገፈችውን ቦታ ይስጠው። ከነእናቱ ይግባባት፣ ወልዶ ይሳምባት። የእናቱም አልጋ በዳገቱ በኩል ይዘርጋላት። ክረምት በገባ ቁጥር ያቺ በእጁ የጻፋት ዜሮ በጓሮ በር ገብታ እግሩን ትጠብለት... እስከ ጉልበቱ። አሜን በይ እንጂ!