ስኳር ያለባት ድመትና የጫካ ማር

በከፋ ዞን እንደ እኔ አፉን የሚገዛ የስኳር በሽተኛ አልተፈጠረም፤ ጣፋጭ ነገር እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ወደ ቦንጋ በምንመለስበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ቅርጫት ያቀፈችውን ሴት ያዋራሉ።

«እትዬ፣ ዶሮ ነው?»

«ድመት ናት፣ ጋሼ። ስኳር አለባት፤ አሁን ደግሞ ቆሽቷ ታሟል።»

«ድመትም ስኳር ያዛት? ለእኛ ምን ቀረን!»

«ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋታለሁ። ከትናንት ጀምሮ ግን ያስመልሳታል፤ እህልም አልቀመሰች።»

«የጫካ ማር ቢያልሷትስ? የማይፈውሰው የለም።»

«አማቴ ቀድመውዎታል! ያውም በቅቤ ለውሰው።»

«ታዲያ አልተሻላትም?»

«ይኸው ወደ ሐኪም እየሮጥኩ!»

«የዛሬውን መርፌ ወጓት?»

«የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ፣ ‹ስላልበላች ሳላያት እንዳትወጊ፣ ቶሎ አምጫት› አለኝ።»

«ትተርፍ ይሆን?»

«ሐኪሙ ማስመለሱን አስቁሞ ትንሽ ትንሽ ካስበላት ትተርፋለች። እሷስ እንስሳ ናት፣ አታውቅም። ስኳር እያለበት ማር የሚልስ ሰው ቢሆን ግን አላዝንለትም ነበር።»

መንገዱን ሙሉ ከማር ጣሳዬ እየነከርኩ ስልሰው የመጣሁትን ጣቴን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።