አያ ዘሩ ድረ ገጽ ያሠሩበት ምክንያት

ባለፈው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ለትምህርት ቤታችን ጉዳይ ቡሬ ደርሼ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከአንዲት ጠና ያሉ ሴት ጎን ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ይባላሉ። ሁለት ቅርጫት ደራርበው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ከጢስ ዓባይ አካባቢ ተነሥተው ባሕር ዳር አድረዋል፤ ቡሬ ላይ ደግሞ መኪና ቀይረዋል። ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት አያ ዘሩ የሚያፈሉትን የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ለመግዛት ነው። አምስት ጎረቤታሞች ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ጨርሰው፣ ለየቤቱ አራት አራት እግር እንዲያመጡላቸው የላኳቸው እሳቸውን ነው።

አያ ዘሩን አውቃቸዋለሁ። ችግኝ ጣቢያቸው ላህ ወንዝ ዳር ነው፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከሚኒባሱ ስንወርድ ወይዘሮ ሀብትነሽን በባጃጅ ይዣቸው ሄድሁ።

ስንደርስ አያ ዘሩ ከእህታቸው ልጅ ከእፀገነት ጋር ክርክር ይዘዋል። እፀገነት ቡሬ ካምፓስ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃለች፤ አሁን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ ትሠራለች። አጎቷም እንዲያሠሩ ከፋሲካ ጀምራ ስትወተውታቸው ከርማለች። አያ ዘሩ እኛን አግዳሚው ላይ ካስቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

“መምህር፣ እስቲ እርስዎ ፍረዱን። የማፈላው ችግኝ በየዓመቱ ሰኔ ሳይወጣ ያልቃል፤ ተርፎኝ አያውቅም። የሚገዛኝ ደግሞ ገበሬ ነው፣ ኢንተርኔት አያይም። ታዲያ ይህች ልጅ ለማን ልታሳይልኝ ነው?”

ሌላም ቅሬታ ነበራቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍቶላቸው፣ ከውጭ አገር እርሻ የተነሡ ፎቶዎች ለጥፎ ነበር። ሰው እየደወለ አፍልተው የማያውቁትን ፍሬ ይጠይቃቸው ጀመር። ወጣቱ የይለፍ ቃሉን እንደያዘ አገር ለቆ ሄደ፤ ገጹም የማይሠራውን የድሮ ስልክ ቁጥራቸውን እንደተሸከመ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል።

እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው ጠንካራ ሆኖብኝ ነበር። ዕቃው ለሚያልቅለት ሰው ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል?

እፀገነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች። “አጎቴ፣ ያ ሰው ያሳየው የእርስዎን ሥራ አይደለም። በእኛ ሥራ ፎቶው የራስዎ የችግኝ መደብ ይሆናል፤ አድራሻው በስምዎ ይመዘገባል፤ የይለፍ ቃሉም በእጅዎ ይሆናል። ነገ እኔ ብሄድ ሌላ ባለሙያ ይቀጥለዋል። ፌስቡክ ላይ ዛሬ የተጻፈ ነገ በሌላ ወሬ ይቀበራል፤ ይኸኛውን ግን የፈለገዎት ሰው ሁልጊዜ እቦታው ያገኘዋል።” ዋጋውንም አልደበቀችም። ሥራቸው አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ በየዓመቱ የሚከፈለውም የሠላሳ እግር ችግኝ ዋጋ አይደርስም።

“ላለቀ ዕቃ ሠላሳ እግር?” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቅርጫቶቹን መሬት ላይ አኖሩ። “አልቋል ነው የሚሉኝ?” አሉ።

አያ ዘሩ ሴትዮዋን ገና አሁን ያዩዋቸው ይመስል ወደ እሳቸው ዞሩ። ከዚያ ካለቀ ወር እንዳለፈው ቀስ ብለው ነገሯቸው።

ወይዘሮ ሀብትነሽ አልተቆጡም። “የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ ስልኩ ላይ ስምዎን ጽፎ ፈልጎልኝ ነበር። አንድ ቁጥር አግኝቶ ቢደውል ዝግ ሆነበት። ዝናቡ ጉድጓዱን እየሞላው ነው፣ ከምቀመጥ ሄጄ ልየው ብዬ ተነሣሁ” አሉ።

እሳቸው ራሳቸው ኢንተርኔት የሚባለውን አይተው አያውቁም። የሚያይላቸው ሰው ግን አላጡም ነበር። ይህን አያ ዘሩም እንደተረዱት ከፊታቸው አነበብሁ። እንግዳዋ እንዲያድሩ ለምነው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ካሰች አደራ ሰጧቸው። ወይዘሮ ካሰችም ባለፈው ሳምንት ከደምበጫ ሦስት ሰዎች እንዲሁ መጥተው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን አስታወሱ።

“ሲያልቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር” አሉ አያ ዘሩ። “ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ሰው አስቤው አላውቅም።”

ከዚያ እፀገነትን ይጠይቋት ጀመር። ያለውንና የሌለውን መጻፍ ይቻላል? እኔ ራሴ ልለውጠው እችላለሁ? መልእክት ከመላክ እንደማይከብድ አስረዳቻቸው። የተስማሙት በአንድ ውል ነው፤ “የሌለኝን አለኝ አትበይብኝ” አሏት።

ድረ ገጹ በሁለት ሳምንት ደረሰ። ከፍቼ አየሁት። የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም፤ መደቦቹ፣ የየዝርያው ስምና አተካከል፣ የሚሠራ ስልክ። ከሁሉ በላይ ግን አያ ዘሩ ራሳቸው ያስጻፉት ቃል በትልቁ ተቀምጧል፦ “የዘንድሮው ችግኝ አልቋል፤ በከንቱ እንዳትደክሙ። ለመጪው ክረምት በስልክ ተመዝገቡ።” ነጋዴ ደጁን “አትምጡ” ብሎ ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እስከ ጥር የተመዘገበው ሰው አያ ዘሩ ከጠበቁት በላይ ሆነ። ስንት እግር፣ የትኛውን ዝርያ ማፍላት እንዳለባቸው አስቀድመው ስላወቁ በግምት መሥራት ቀረላቸው። የግብርና ሠራተኞች አተካከሉን ከገጹ እያነበቡ ለገበሬው ይነግሩታል። ወይዘሮ ሀብትነሽም በስልክ ከተመዘገቡት አንዷ ነበሩ፤ ሃያው እግር ችግኝ በሰኔ ወር በመኪና ተጭኖ ደረሰላቸው። ድረ ገጽ የትልልቅ ድርጅቶች ጌጥ የሚመስለው ባለሙያ ብዙ ነው፤ ሥራው ግን ለማያውቀን መንገደኛ እውነቱን አስቀድሞ መንገር ነው፣ ዋጋውም አቅም አይፈትንም።

በቅርቡ የአያ ዘሩ ጎረቤት ጌታሁን፣ የእህል ወፍጮ የሚጠግን ሰው፣ ይህ ነገር ይጠቅም እንደሆነ ሊጠይቃቸው መጣ። ደንበኞቹ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ሥራም እንዳልጎደለበት ተናገረ። እፀገነት ልትመልስ ስትል አያ ዘሩ ቀደሟት።

“የሚያውቁህን ተዋቸው” አሉት። “ወፍጮው ቆሞበት፣ አንተን ፈልጎ ያጣህ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?”